ልጆች ይዘን ጓንዡ የት እንረፍ? ጥያቄና መልስ

የቻይናዋ ጓንዡ ለብዙዎቻችን የዕቃ ከተማ ናት። ሰሞኑን ግን ልጆቻቸውን ይዘው ሊመጡ ያሰቡ ወላጆች ብዙ ነገር ጠይቀውኛል። አንድ በአንድ ልመልስ። ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ፦ ብቻችሁን ስትመጡ የተመቻችሁ ሆቴል ለልጅ ላይሆን ይችላል። ለራሳችን ስንመርጥ ገበያው ይቅረበን እንላለን። ለልጅ ሲሆን ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት ቀኑን የት እንደሚውል ነው።

ጥያቄ፦ ሁሌ የማርፈው ሺያዎቤ ሰፈር ነው። የ4 እና የ7 ዓመት ልጆቼን ይዤ እዚያው ብይዝ ምን ችግር አለው?

ሺያዎቤ ጥሩ ጎን አለው፣ እህቴ። የአገር ሰው አይጠፋም፣ የአፍሪካና የዓረብ ምግብ ቤቶች አሉ፣ ሜትሮው ደጅ ላይ ነው። የአምስቱ በጎች ሐውልት ያለበት የዩዌሺዩ መናፈሻም ሩቅ አይደለም። ግን ብዙዎቹ ርካሽ ሆቴሎች ያሉት ንግድ ቤት በሞላበት ሕንፃ ላይ ነው። ጠዋት ሊፍት ስትጠብቂ ካርቶን የተከመረበት ጋሪ ቀድሞሽ ይገባል። የ4 ዓመት ልጅ እጅ ይዞ በዚያ መሐል መመላለስ አድካሚ ነው።

እኔ ብሆን ዡጂያንግ ሺንቼንግ የሚባለው ሰፈር እይዛለሁ። የእግረኛ መንገዱ ሰፊ ነው። ሁዋቼንግ አደባባይ ላይ ልጆች እንደልባቸው ይሮጣሉ፤ ሙዚየሙና ትልቁ ቤተ መጻሕፍት እዚያው ናቸው፤ 600 ሜትር የሚረዝመው የካንቶን ማማም ከወንዙ ማዶ ይታያል። ገበያሽም አይቀርም፦ የሜትሮ መስመር 5 ሳትቀይሪ ሺያዎቤ ያደርስሻል፣ ስድስት ጣቢያ ነው። በመሐል የመካነ እንስሳቱ ጣቢያ አለ፤ አንድ ቀን ልጆቹን ይዘሽ እዚያ ውረጂ። ዋጋው ከሺያዎቤ ይወደዳል፣ ይህን አልደብቅሽም።

ጥያቄ፦ ጸጥ ያለ፣ መኪና የማይበዛበት ሰፈር አለ?

ሻምየን! ከጓንዡ ሁሉ ለልጅ የምወደው ሰፈር ነው። ትንሽ ደሴት ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞችና ፈረንሳዮች የያዙት፣ የድሮ ሕንፃዎቹ እስካሁን የቆሙ። ትልልቅ የዋርካ ዘመዶች መንገዱን ያጠሉታል፤ ከሥራቸው ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ፣ አዛውንት ስፖርት ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1983 የተከፈተው ዋይት ስዋን ሆቴል እዚያ ነው። የአሜሪካ ቆንስላ አጠገቡ በነበረበት ዘመን ከቻይና ልጅ በማደጎ የወሰዱ አሜሪካውያን ወላጆች የልጆቹን ቪዛ እየጠበቁ ያርፉበት ነበር። ቆንስላው እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ዡጂያንግ ሺንቼንግ ተዛወረ። ሆቴሉ ውድ ነው፤ ደሴቱ ላይ ግን አነስ ያሉም አሉ። ሜትሮው ሁዋንግሻ ነው፣ ድልድይ ተሻግረህ ትደርሳለህ።

ጥያቄ፦ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር ነን። አንድ ክፍል ይበቃናል?

ልጆቹ ትንንሽ ከሆኑ ይበቃችኋል፤ ግን የክፍሉን ዓይነት በደንብ እዩ። ዳቹዋንግፋንግ የሚባለው አንድ ሰፊ አልጋ ብቻ ያለው ነው፤ ሹዋንግቹዋንግፋንግ ሁለት አልጋ አለው። ለእናንተ የሚሆነው ቺንዚፋንግ ነው፣ ለወላጅና ልጅ ተብሎ የተዘጋጀ፤ አንዳንዱ ተደራራቢ አልጋ፣ አንዳንዱ ትንሽ ድንኳንና መጫወቻ አለው። ስትይዙ የልጆቹን ቁጥርና ዕድሜ ሳትደብቁ አስገቡ። ሲገቡ የሁሉም ሰው ፓስፖርት ይመዘገባል፣ የሕፃኑም ጭምር።

ሌላው መስኮት ነው። እዚህ መስኮት የሌለው ክፍል በብዛት ይሸጣል፤ ዋጋው የረከሰበት ምክንያት አንዳንዴ ይኸው ነው። ለአንድ ነጋዴ ማደሪያ ይሆን ይሆናል፤ ለልጅ ግን አደራ፣ አይሆንም። በተለይ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የጓንዡ እርጥበት ግድግዳ ያስለቅሳል። አየር የማይገባበት ክፍል ይሻግታል፣ ልብስም አይደርቅም። በዚያ ወቅት ከምድር ቤት ከፍ ያለ ፎቅና ሲጋራ የማይጨስበት ክፍል ጠይቁ።

ቁርስ ብዙ ቦታ በልጅ ቁመት ነው የሚታሰበው። ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ኩሽና ያለው አፓርትመንት ብከራይስ? ልጄ የውጭ ምግብ አይበላም።

ከሳምንት በላይ የምትቆይ ከሆነ ጥሩ ሐሳብ ነው። ልብስ ማጠቢያም ታገኛለህ። ኤርቢኤንቢ ግን አትፈልግ፤ በ2022 የቻይና ቤቶችን ማከራየት አቁሟል። ትሪፕ ዶት ኮም ላይ አገልግሎት ያላቸው አፓርትመንቶች አሉ።

አንድ ግዴታ አለ። የውጭ ዜጋ በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ዘንድ መመዝገብ አለበት። ሆቴል ይህን ራሱ ይሠራልሃል። የግለሰብ ቤት ከሆነ ግን አንተና አከራይህ ናችሁ የምታስመዘግቡት። «አይዞህ፣ ማንም አይጠይቅህም» የሚል አከራይ ካጋጠመህ ሌላ ቤት ፈልግ። ከሰው ቤት ብታርፍም ሕጉ ያው ነው።

ጥያቄ፦ ሆቴሎች የውጭ ሰው አንቀበልም ይላሉ ይባላል።

ድሮ በብዛት ያጋጥም ነበር። በ2024 የቻይና መንግሥት ሆቴሎች በዚህ ምክንያት እንግዳ እንዳይመልሱ አሳስቧል። ቢሆንም ትንንሾቹ ጋ ፓስፖርት መመዝገብ የማያውቅ ሠራተኛ ሊኖር ይችላል። የደከመ ልጅ ታቅፎ በሌሊት ሌላ ሆቴል መፈለግ ይከብዳልና ቀድማችሁ መልእክት ላኩ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ።

ጥያቄ፦ መቼ ብንመጣ ይሻላል?

የካንቶን ትርዒት፣ ማለትም ትልቁ የንግድ ትርዒት፣ ሲኖር አትምጡ። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ግንቦት መጀመሪያ፣ ደግሞ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ያኔ ዋጋው ይሰቀላል። ኦክቶበር 1 የሚጀምረው የቻይኖች በዓልም እንዲሁ ነው። ዲሴምበር ላይ አየሩ ደስ ይላል።

ጥያቄ፦ የቺምሎንግ ሆቴል ዋጋው ያወጣል?

ለአንድ ወይም ለሁለት ሌሊት፣ አዎ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተወለዱት ሦስቱ መንትያ ፓንዳዎች ዝነኛ ያደረጉት የእንስሳት ፓርክ አጠገቡ ነው። ፓርኩ ሰፊ ስለሆነ ልጅ ሲደክመው ክፍሉ ቅርብ መሆኑ ብቻውን ትልቅ እፎይታ ነው። ፓንዩ የሚባለው ወረዳ ስለሆነ ግን ከመሐል ከተማ ይርቃል፤ ሙሉውን ቆይታ እዚያ አትያዙ።

ጥያቄ፦ ልጄ ብትታመምብኝስ?

ዡጂያንግ ሺንቼንግን የመረጥኩበት ሌላው ምክንያት ይኼ ነው፤ የከተማው የሴቶችና ሕፃናት ሆስፒታል አንዱ ቅርንጫፍ እዚያ አለ። የልጅቷን ፓስፖርት ይዘሽ ሂጂ። አሊፔይ በሚባለው የስልክ መክፈያ ላይ የባንክ ካርድሽን ከአገር ቤት ሳትወጪ አስገቢ፣ ክፍያው በስልክ ነው። የሆቴሉን ስምና አድራሻ በቻይንኛ ፊደል ፎቶ አንሥተሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጪ። ጉግል ማፕ ቻይና ውስጥ አያስተማምንም፤ ለታክሲ ሹፌር ፎቶውን ማሳየት ይበቃል። የቧንቧ ውሃ አታጠጪያት፤ ክፍሉ ውስጥ የውሃ ማፍያ አይጠፋም፣ አፍልተሽ አቀዝቅዢላት።