እናቴ አልከተብም ብላለች፤ ምን ልበላት?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። እናቴ ቢቸና አካባቢ ገጠር ናት። 66 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት። የልጅ ልጆቿን በየቀጠሮው አዝላ ጤና ኬላ ወስዳ ያስከተበች ሴት ናት። ኮሮና ሲመጣ ግን «እኔ አልወጋም» ብላ ቀረች። ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣስ እያልኩ እሰጋለሁ። ሰው ምን ሆኖ ነው ክትባት የሚሸሸው?

መልስ፦ መስጋትዎ ትክክል ነው። ዕድሜው የገፋና ስኳር ያለበት ሰው ላይ ኮሮና ይበረታል። ግን እናትዎ ክትባት የሚጠሉ ሰው አይደሉም። የልጅ ልጆቻቸውን ወስደው አስከትበዋል። አደራ፣ ያንን አይርሱት።

ኩፍኝ መንደር ገብቶ ልጅ ሲወስድ በዓይናቸው አይተው ይሆናል። ኮሮና ግን ለብዙ የገጠር ሰው በሬዲዮ የሚሰማ በሽታ ነበር። ያላዩትን በሽታ ፈርቶ ያላወቁትን መርፌ መውሰድ ለማንም ይከብዳል።

ፍጥነቱም ሰውን አስደንግጧል። በአገራችን የመጀመሪያው በሽተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ተገኘ። ልክ በዓመቱ ክትባቱ ተጀመረ። «በአንድ ዓመት ከየት አመጡት?» ቢሉ አልፈርድባቸውም። መልሱ ግን አለ። በተመሳሳይ ቫይረሶች ላይ ለዓመታት ሲጠና ቆይቷል። ሙከራውም በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ፈቃደኞች ላይ ተደርጓል። በዚያው ሰሞን የአውሮፓ አገሮች አስትራዜኒካ የተባለውን የኮሮና ክትባት ደም ያረጋል በሚል ስጋት ለጊዜው ማቆማቸው ተሰማ። የደም መርጋቱ እውነት ነበር፤ በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ ነው የታየው። ይህንን አልደብቅም። የደበቅነው ነገር በጎረቤት በኩል ሲሰማ የቀረውንም አያምኑንም። መካን ያደርጋል የሚለው ግን ሐሰት ነው።

አንድ አዛውንት ታካሚዬን አልረሳቸውም። አልከተብም ሲሉ እኔ ስለ ቫይረሱ ብዙ አስረዳኋቸው። መጨረሻ ላይ «ምን አሳሰበዎት አባቴ?» አልኳቸው። «ያተኩሳል፣ ያስተኛል ብለዋል። ሐምሌ ላይ ከተኛሁ ጤፉን ማን ይዘራልኛል?» አሉኝ። ጭንቀታቸው ይኸው ነበር። ዘሩ ካለቀ በኋላ በራሳቸው እግር መጥተው ተከተቡ። ማስረዳት ከመጀመሬ በፊት መጠየቅ ነበረብኝ።

ስለዚህ እናትዎን «ምን ሰምተሽ ነው?» ብለው ይጠይቋቸው። ከዚያ ዝም ብለው ያዳምጡ። አይቆጡ፣ «አልተማርሽም» የሚል ቃል ከአፍዎ አይውጣ። ጠበሉን ካነሱ አይከራከሩ፤ ጠበሉንም ክትባቱንም ማድረግ ይቻላል። የንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ደግሞ ከእኔ ይልቅ ይሰማሉ። የልጅ ልጆቹን የከተበችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ቤታቸው ገብታ ቡና ብትጠጣ ጥሩ ነው። ይህን ሁሉ አሁን በሰላሙ ጊዜ ይጀምሩት። ወረርሽኝ ሲገባ ወሬው ይቀድማል።

መንገዱም ቀላል አይደለም። ሁለት ዙር ክትባት ማለት ሁለት ጊዜ ረጅም መንገድ መሄድ ነው። ቀኑ ሲደርስ አብረዋቸው ይሂዱ፤ ከቻሉ አብረው ይከተቡ። ስኳር ስላለባቸው ብቻ ክትባት አይከለከሉም። ቁርሳቸውን በልተው፣ የስኳር መድኃኒታቸውንም እንደወትሮው ወስደው ይሂዱ። ቀደም ሲል መርፌ ተወግተው ፊታቸው አብጦ ወይም ትንፋሽ አጥሯቸው ከነበረ ግን ሳይከተቡ ለባለሙያው ይንገሩ።