ጎራዴው ላይ ያለው ዓርማ የማን ቤት ነው?

ወንድሜ፣ ከጨረታ በገዛኸው የጃፓን ጎራዴ እጀታ ጫፍ ላይ ያለችው ባለ ሦስት ቅጠል የብር የቤተሰብ ዓርማ ጃፓንን ለዘመናት የገዛው የቶኩጋዋ ቤት ናት ወይ ብለህ ጠይቀሃል። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት፤ አይደለችም። ቅር አይበልህ፣ እኔም በመጀመሪያው ግዢዬ በዚችው ቅጠል ነው የተሸወድኩት። አጫራቹ «የመሳፍንት ጎራዴ» ብሎ ስለጻፈበት ከሚገባው በላይ ከፈልኩ።

የቶኩጋዋዎቹ «አዎይ» ይባላል፣ ያንተዋ «ካታባሚ» ናት። በሁለቱም ላይ የልብ ቅርጽ ያላቸው ሦስት ቅጠሎች አሉ፣ ሹል ጫፋቸውም ወደ መሃል ነው፤ የሚያምታታውም ለዚህ ነው። አንተ ቅጠሉን ትተህ ግንዱን ፈልግ። በአዎይ ላይ ከእያንዳንዱ ቅጠል በውጭ በኩል ግንድ ይወጣና ዙሪያውን ካለው ክብ ጋር ይገናኛል፣ በቅጠሉ ላይ ያሉት የደም ሥር መስመሮችም ብዙና ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው። በካታባሚ ላይ በውጭ በኩል ግንድ የለም፣ ሦስቱም መሃል ላይ ይጋጠማሉ። መብራቱን ከላይ ሳይሆን ከጎን አብራበት፣ ያኔ ቁልጭ ብሎ ይታይሃል።

አሁን ዋናው ነገር። ካታባሚ መሆኑን ማወቅ ቤተሰቡን ማወቅ ማለት አይደለም። ይህ ቅጠል ቢነቅሉት የማያልቅ አረም ስለሆነ ዘር እንዳይጠፋ ተብሎ ብዙ ቤት ወዶ ወስዶታል፤ የሳካይ መሳፍንትም ይዘውታል፣ ስማቸው የማይታወቅ እጅግ ብዙ ተራ ቤተሰቦችም እንዲሁ። ሁለት የማይዛመዱ ቤቶች አንድ ዓርማ ቢይዙ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ «ይህ የእገሌ ቤት ነው» ብሎ በዓርማ ብቻ የሚሸጥልህን አትመነው።

ደግሞ ያንተ ጎራዴ እጀታ ላይ የቼሪ አበባ ስላለበት፣ ከ1934 ጀምሮ ለጦር መኮንኖች የወጣው ዓይነት ይመስለኛል። መኮንኖች ጎራዴያቸውን በራሳቸው ገንዘብ ነበር የሚገዙት፣ ዓርማውንም የሚያስለጥፉት እነሱ ናቸው። ብረቱ ግን ከፋብሪካ የወጣ ሊሆን ይችላል፣ ከአያት የወረደ የመቶ ዓመታት ብረትም ሊሆን ይችላል። ዓርማው የሚነግርህ ስለተሸከመው ሰው ነው፣ ስለሠራው አይደለም።

የሠሪውን ስም ከፈለግህ እጀታውን መፍታት አለብህ። እጀታው ላይ «መኩጊ» የምትባል የቀርከሃ ሽብልቅ አለች። በአንድ በኩል ቀጠን ስለምትል በዚያ በኩል በእንጨት ነገር ቀስ ብለህ ግፋት፣ ትወጣለች። ውስጥ የሚገባው የብረቱ ጭራ «ናካጎ» ይባላል፣ የሠሪው ፊርማ ካለ እዚያ ላይ ነው። አደራህን! ዝገቱን አትነካካ። ዘይትም፣ የብረት ሱፍም፣ ምንም። ባለሙያ ዕድሜውን የሚገምተው በዚያ ዝገት ነው፣ አንዴ ከጠፋ አይመለስም። ትንሽ ማኅተም ብቻ ካገኘህ፣ ብዙውን ጊዜ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሥራ ነው።

እኔ ሁለተኛዋን ስገዛ ሰገባው ላይ በገመድ የታሰረች ቁራጭ እንጨት ነበረች፣ ቆሻሻ መስላኝ ልጥላት ምንም አልቀረኝም። በ1945 ጃፓን እጇን ስትሰጥ ጎራዴ ሲያስረክቡ አንዳንዶቹ ስምና አድራሻ ጽፈው ያስሩ ነበር። ቀለሙ ደብዝዞ ነበር፣ አንዲት የጃፓንኛ አስተማሪ አነበበችልኝ። የቤተሰብ ስም፣ ከሥሩ የመንደር ስም። ዓርማውን ስናመሳክረው በዚያ ስም ባሉ ቤቶች ዘንድ የተለመደ ሆኖ አገኘነው። እዚያ ጋ ነው ዓርማው የጠቀመኝ፤ ስሙን አጠናከረልኝ እንጂ አልሰጠኝም። ልጆቹ በሕይወት ሊኖሩ ስለሚችሉ ስሙን እዚህ አልጽፍም።

ሰገባውን፣ ቆዳውን፣ ገመዱን ሁሉ ፈትሽ፣ ወረቀት ካለም አትቅደድ። ከዚያ የናካጎውን ፎቶ በሁለቱም በኩል በቀን ብርሃን አንስተህ እዚህ ለጥፍልን፣ አብረን እናየዋለን።