የአስቤስቶስ ሐኪም ለምትፈልጊው የኮምቦልቻ እህቴ

ሰላም እህቴ፣ አላህ ለአባትሽ አፊያውን ይስጥልሽ። አባትሽ ፋብሪካ ውስጥ ቦይለር ክፍል ሠርተው ጡረታ እንደወጡ፣ አሁን ደረቅ ሳልና ትንፋሽ ማጠር እንዳለባቸው፣ ሐኪሙም «የአስቤስቶስ ብናኝ ሊሆን ይችላል» እንዳለ ጽፈሻል። አስቤስቶስ ቦይለርና ቧንቧ ሙቀቱን እንዳያባክን የሚሸፈንበት፣ ሲቆረጥ ደቃቅ ቃጫ የሚበተን ማዕድን ነው። ጥያቄሽ ደግሞ ወሎ ውስጥ የዚህ በሽታ ስፔሻሊስት የት አለ፣ ወይስ ህንድ ልውሰዳቸው የሚል ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን አጎቴ ወጣትነታቸውን አሰብ ላይ የእንፋሎት ቧንቧ ሲሸፍኑ ጨርሰው፣ በ1983 ዓ.ም. ያ ሁሉ ሰው ሲፈናቀል ወደ ደሴ የተመለሱ ናቸው። ይኸው በሽታ ሲይዛቸው ከሐኪም ሐኪም ይዣቸው የዞርኩት እኔ ነኝ።

«የአስቤስቶስ ሐኪም» እያልሽ አትጠይቂ፤ እንደዚያ የሚባል የለም። የምትፈልጊው የሳንባ ሰብ ስፔሻሊስት ነው፤ ፐልሞኖሎጂስት የሚሉት። እሱም ቢሆን የመጀመሪያው በር አይደለም። ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ገብተሽ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ዘንድ ካርድ አውጪ። የሳንባ ሰብ ስፔሻሊስት በቋሚነት ወይም በተወሰነ ቀን የሚመጣ ካለ እዚያው ይነግሩሻል። ከሌለ የምትሄጂበትን ሪፈር የሚጽፍልሽ ያው ሐኪም ነው። የጤና መድን ካላችሁ ደግሞ ሪፈሩን ዘልለሽ አዲስ አበባ መግባት ወጪውን በራስሽ ላይ መጫን ነው፤ ሽፋኑ እስከየትኛው ሆስፒታል እንደሚደርስ ከመነሳትሽ በፊት ቀበሌው ያለውን የመድን ባለሙያ ጠይቂ።

ከሐኪሙ ምርጫ በላይ ውጤቱን የሚወስነው ግን ይዘሽ የምትገቢው ወረቀት ነው። አስቤስቶሲስ፣ ማለትም ከዚህ ብናኝ የሚመጣው የሳንባ ጠባሳ፣ በደም ምርመራ አይታወቅም። ሐኪሙ ሦስት ነገር አገናኝቶ ነው የሚወስነው፤ ሰውየው ምን ሠርተው ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አለፈ፣ ሲቲ ስካኑ ምን ያሳያል። ቃጫው ሳንባ ውስጥ ገብቶ ጠባሳ እስኪያወጣ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 40 ዓመት ይፈጃል። ሜሶቴሊዮማ የሚባለው የሳንባ ሽፋን ካንሰር ደግሞ ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ «ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል፣ በዚያ ሊሆን አይችልም» የሚልሽን አትስሚ፤ መቆየቱ ራሱ የበሽታው ጠባይ ነው።

አባትሽ አጠገብ ቁጭ በይና ሥራቸውን ከመጀመሪያው ጀምረሽ ጻፊ። በየትኛው ዓመት፣ የትኛው ክፍል፣ ምን በእጃቸው ነኩ? የቦይለርና የቧንቧ ሽፋን ይቆርጡ፣ አሮጌውን ይልጡ፣ ነጩን ዱቄት በውሃ ያቦኩ ነበር ወይ? ጓርኒሲዮን (የቧንቧ መጋጠሚያ ላይ የሚገባውን ማጥበቂያ) ይቀዱ ነበር? ክፍሉ መስኮት ነበረው? በጭንብል ፈንታ ወተት ነበር የሚሰጣቸው? (የኛ አገር ፋብሪካ ስለ አቧራ የሚያውቀው መድኃኒት ወተት ነው፤ ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ፣ ቃጫው የተቀመጠው ሳንባ ውስጥ!) አብረዋቸው የሠሩ፣ ዛሬም በሕይወት ያሉ ሰዎች ካሉ ጠይቂያቸው። አጎቴ እቤት ስንጠይቃቸው «ቧንቧ እሠራ ነበር» ብቻ ነበር የሚሉት። የድሮ ጓደኛቸው ቡና ሊጠጣ በመጣ ቀን ነው የሽፋኑ ዓይነት፣ የመጋዙ አቧራ፣ መርከብ ሆድ ውስጥ የገቡበት ሁሉ የወጣው።

አዲስ አበባ ያየናቸው ሐኪም ያልጠበቅኩትን ጥያቄም ጠየቁ፤ «የሥራ ልብሳቸውን ማን ነበር የሚያጥበው?» አክስቴ ነበሩ። ያንን ቱታ ደጅ አራግፈው፣ በእጃቸው አሽተው ያጥቡ ነበር። ቃጫ በልብስ ተሸክሞ ቤት ገብቶ ሚስትና ልጅን ሊያሳምም ይችላል። እናትሽ ወይም አንቺ ራስሽ ታጥቢ ከነበረ ለሐኪሙ ንገሩት።

አሁን ስለ ቲቢ። እኛ ዘንድ የሚያስል ሰው ሁሉ ቲቢ ነው። አጎቴም አክታቸው ውስጥ ምንም ሳይገኝ፣ ራጃቸው ላይ ጥላ አለ ተብሎ የ6 ወሩን መድኃኒት ጨርሰዋል፤ ሳሉ ንቅንቅ አላለም። ቲቢ በብዛት ያለበት አገር ስለሆንን ሐኪሙ መጀመሪያ እሱን ማሰቡ አያስወቅሰውም። ይሁንና ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የአክታ የቲቢ ምርመራ ሳይደረግ «ለማንኛውም ጀምሩ» ከተባላችሁ፣ የአክታውን ውጤት በትሕትና ጠይቂ። ደግሞም ሁለቱ በሽታዎች አንድ ላይ ሊኖሩ ስለሚችሉ ቲቢው በደንብ ተመርምሮ መውጣት አለበት። አስቤስቶሲስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከሳንባው ግርጌ ሲሆን በሁለቱም ወገን ነው፤ የአዋቂ ቲቢ በብዛት የሚታየው ላይኛው ክፍል ነው። ሐኪሙ ጀርባቸው ላይ ታች አድርጎ ሲያዳምጥ የጫማ ቬልክሮ ሲላቀቅ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ይሰማል። የጣታቸው ጫፍም አብጦ ከሆነ አሳዪው።

የድሮ ራጅ ካለ አትጣዪው፤ የ10 ዓመት ፊልም ከዛሬው ጎን ሲሰቀል በሽታው ቆሞ ይሁን እየገፋ ይታያል። በ2014ቱ ጦርነት የጤና ተቋማት ሲዘረፉ ካርዱ የጠፋበት ሰው ወሎ ውስጥ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ፍራሽ ሥር፣ ሳጥን ውስጥ ፈልጊ። ሲቲ ስካን ስታሠሪ ሃይ ሪዞሉሽን (ሳንባውን በስስ ቁራጭ አጥርቶ የሚያሳየው) መሆኑን አረጋግጪ፤ ከወረቀቱ ሌላ ሲዲውንም ተቀበይ። ሲዲ ሳይዙ አዲስ አበባ የደረሱ ሰዎች ሲቲውን እንደገና ከፍለው ሲያነሱ አይቻለሁ። ስፓይሮሜትሪ የሚሉት የትንፋሽ መለኪያና የ6 ደቂቃ የእግር ጉዞ ምርመራም ይታዘዛል።

አዲስ አበባ ላይ እኔ የማውቀው ትልቁ በር ጥቁር አንበሳ ነው። የሳንባና ጽኑ ሕሙማን ሰብ ስፔሻሊቲ ሥልጠና እዚያ የተጀመረው በ2005 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት በአገሪቱ የነበሩት የሳንባ ስፔሻሊስቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ ከዚያ የወጡት በግል ክሊኒክም ይሠራሉ። ወረፋው ረዥም ነው። አቅም ካለሽ አንዴ በግል አሳይተሽ ክትትሉን በመንግሥት መቀጠል ይቻላል። ቀጠሮ ስትይዢ «በሥራ ምክንያት የመጣ የሳንባ በሽታ አይተው ያውቃሉ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ነውር የለውም።

ህንዱን በተመለከተ ቁርጥ ያለ ሐሳብ አለኝ፤ ለአስቤስቶሲስ ብላችሁ ቤት እንዳትሸጡ። ጠባሳውን የሚመልስ መድኃኒት ህንድም ባንኮክም የለም። የሚሰጠው እርዳታ ሲያስፈልግ ኦክስጅን፣ የትንፋሽ እንቅስቃሴ፣ የኢንፍሉዌንዛና የኒሞኒያ ክትባት፣ ኢንፌክሽን ሲመጣ ቶሎ ማከም ነው። ከሁሉም በላይ ግን ሲጋራ ማቆም። አስቤስቶስና ሲጋራ ሲገናኙ የሳንባ ካንሰር አደጋው እጥፍ ድርብ ይሆናል። አባትሽ ጫት ላይ ሲቀመጡ ብቻ የሚያጨሱ ቢሆንም ያው ነው። እኛ ቤት ከሰሉም እጣኑም ከክፍሉ ወጥቷል፤ አክስቴ «ያለ እጣን ምን ቡና አለ» ብለው ብዙ አጉረምርመዋል።

ነገሩ የሚለወጠው በአንድ ወገን ደረት ውኃ ከቋጠረ፣ የማይለቅ የደረት ሕመም ካለ፣ ወይም ክብደት ከቀነሱ ነው። ያኔ ሜሶቴሊዮማ ወይም የሳንባ ካንሰር ስለሚጠረጠር አትዘግዩ። ውኃውን ቀድቶ መመርመር ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ከሳንባው ሽፋን ናሙና ተወስዶ ፓቶሎጂ ክፍል በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ውጭ አገር የሚለው ሐሳብ ከዚያ ውጤት በኋላ ይምጣ። በሌላ በኩል ሲቲው ላይ «ፕሉራል ፕላክ» (የሳንባ ሽፋን ቦታ ቦታ ላይ መወፈር) የሚል ብታነቢ አትደንግጪ፤ ለአስቤስቶስ መጋለጣቸውን የሚያሳይ ምልክት ነው እንጂ ካንሰር አይደለም።

ስለ ካሳ አልጠየቅሽም፣ ግን ልንገርሽ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ከሥራ ላይ አደጋ እኩል እንደ ጉዳት ይቆጥረዋል። ሐኪሙ «የሳንባ ጠባሳ» ብሎ እንዳያቆም፣ መንስኤው የሥራ ቦታ መጋለጥ መሆኑንም እንዲጽፍ ጠይቂው፤ የሕክምና ቦርድ ፊት ብትቀርቡ የሚታየው እሱ ነው። የቅጥር ደብዳቤውን አዘጋጂና የሕግ ባለሙያ ቶሎ አማክሪ፤ የመጠየቂያ ጊዜ ሊያልፍባችሁ ይችላል።

የመንገዱ ነገር ደግሞ አለ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1850 ሜትር ገደማ ነው፣ ደሴ 2500 ይጠጋል። አጎቴ በሁለቱ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ትንፋሻቸው ቀለል ይላቸዋል፣ ሲወጡ ይከብዳቸዋል፤ አየሩ ሲሳሳ ኦክስጅኑ ስለሚቀንስ ነው። ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ደግሞ ጣርማበር ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። ደሴ ያለው ሐኪም ጣት ላይ በምትሰካዋ መለኪያ ቁጭ ብለውም ተራምደውም ኦክስጅናቸውን ይለካላቸው። ዝቅ ካለ ለመንገዱ ሲሊንደር ያስፈልጋቸው እንደሆነ ጠይቂው፤ ያስፈልጋል ካለ አውቶቡሱን ተይና መኪና ተኮናተሪ።