«ኢንቴንሲቭ እንግሊዝኛ ግቢ ተባልኩ፣ ጊዜ ማባከን ነው ወይ?» ላለችው እህታችን

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼ ወዲያው ልመልስ ነበር። ነገሩ የእኔንም ቁስል ስለነካ አድሬ ልጻፍ አልኩ።

ያልሽው ይሄ ነው። ለማስተርስ ያመለከትሽበት ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎሻል፤ ቅበላው ግን ቅድመ ሁኔታ አለበት። መጀመሪያ የእንግሊዝኛ ኢንቴንሲቭ ፕሮግራም (በየሳምንቱ ብዙ ሰዓት ክፍል የሚገባበት የቋንቋ ትምህርት) ጨርሺ፣ ከዚያ ዋናውን ትምህርት ትጀምሪያለሽ ብለውሻል። አንቺ ደግሞ «የመጀመሪያ ዲግሪዬን በእንግሊዝኛ ጨርሼ አሁን እንደገና ሀ ሁ ልቁጠር? አይልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ደግሜ ብፈተን አይሻልም?» ብለሻል። ከሥር የመለሱልሽ አብዛኞቹ «ገንዘብሽን አትጣዪ፣ ተፈተኚ» ነው ያሉት። እኔ አልስማማም። ቢያንስ ሙሉ በሙሉ አልስማማም።

እኔ የተማርኩት አሜሪካ ነው። የገባሁበት ፕሮግራም 6 ሌቭል ነበረው፤ እያንዳንዱ 8 ሳምንት ይፈጃል። ገና እንደደረስን ፕሌስመንት ቴስት ፈተኑን፤ የትኛው ሌቭል እንደምትገቢ የሚወስን ፈተና ነው። ማዳመጥ፣ ሰዋስው፣ ንባብ፣ አንድ ድርሰት፣ በመጨረሻ ከአስተማሪ ጋር አጭር ወሬ። ወሬው ላይ እንደ ውሃ ነው የፈሰስኩት። ውጤቱ ሲወጣ ስሜን ሌቭል 3 ውስጥ አየሁት። ደሜ ፈላ። ከእኔ ጋር የተፈተነች፣ አፏን ለመክፈት የምትፈራ ልጅ ሌቭል 4 ገብታለች። ቀጥ ብዬ አስተባባሪዋ ቢሮ ሄድኩ። ተከራከርኩ፣ ለመንኩ፣ ትንሽም አኮረፍኩ። ሴትየዋ ዝም ብላ አየችኝና «እሺ፣ ሞክረው» አለች። ምናለ እምቢ ብትለኝ እላለሁ እስከዛሬ።

በሁለተኛው ቀን የማዳመጥ ክፍል ገባን። አስተማሪው የ12 ደቂቃ ሌክቸር ከፈተልን፣ ስለ ከተሞች የውሃ አቅርቦት። ተናጋሪው «ሦስት ምክንያቶች አሉ» አለ። እስክሪብቶዬን አነሳሁ። የመጀመሪያውን ምክንያት ሙሉ ዓረፍተ ነገር አድርጌ መጻፍ ጀመርኩ። መሐል ላይ የአንድ ቃል ስፔሊንግ ጠፋኝ። እሱን ሳስብ ሁለተኛው ምክንያት አለፈ። ሦስተኛው ላይ «3» ብዬ ጻፍኩ፣ ከበብኩት፣ በቃ። ከ3 ቁጥር ጎን ምንም የለም። ሰረቅ አድርጌ ወደ ጎን አየሁ። ያቺ አፏን የማትከፍተው ልጅ ግማሽ ገጽ ሞልታለች። ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚባል ነገር የለውም። ቀስት፣ የተቆረጡ ቃላት፣ ቁጥር፣ የጥያቄ ምልክት። ያመለጣትን ቦታ ክፍት ትታ አልፋዋለች። ያኔ ገባኝ። እሷ ሌክቸር መከታተል ትችላለች። እኔ የምችለው ወሬ ነው።

8 ሳምንቱ አለቀ፣ ወደቅኩ፣ ሌቭል 4ን ደገምኩ። ሌቭል 3 ገብቼ ቢሆን ኖሮ ያኔ ላይ እኩል እደርስ ነበር፤ ያውም ሳልወድቅ።

አሁን ወደ አይልትሱ እንምጣ። ማዳመጡ 30 ደቂቃ አካባቢ ነው፤ 4 ክፍል፣ 40 ጥያቄ። ከአራቱ የዩኒቨርሲቲ ሌክቸር የሚመስለው የመጨረሻው ነው። እሱም ቢሆን ጥያቄው ፊትሽ ተቀምጧል፤ ምን እንደምታዳምጪ አስቀድሞ ይነግርሻል። ክፍል ውስጥ ጥያቄውን የሚሰጥሽ የለም። ለአንድ ሰዓት ያህል ትሰሚያለሽ። የቱ ዋና ነጥብ ነው፣ የቱ ቀልድ ነው፣ የቱ ፈተና ላይ ይመጣል፣ ራስሽ ነሽ የምትለዪው። ጽሑፉም እንደዚያው ነው። ረጅሙ ጥያቄ ቢያንስ 250 ቃል ይፈልጋል፣ 40 ደቂቃ ያህል ትሰጪዋለሽ፣ በጭንቅላትሽ ያለውን ታወጪያለሽ። ማስተርስ ላይ «በእኔ አስተያየት» ብለሽ ጀምረሽ «በእኔ አስተያየት» ብለሽ የምትጨርሺው ወረቀት የለም። አንብበሽ፣ ጠቅሰሽ፣ አንዱን ከሌላው አጋጭተሽ ነው። ፈተናው መጥፎ ነው አላልኩም። እሱን ማለፍ አንድ ነገር ነው፣ ሴሚስተሩን ማለፍ ሌላ።

መጥቀስ ካልኩ አይቀር አንዱን ጉዴን ልንገርሽ። ሌቭል 5 ላይ የመጀመሪያውን የጥናት ወረቀቴን አስረከብኩ። ኮርቼበት ነበር። ሲመለስ ሁለት አንቀጽ ከዳር እስከ ዳር ተሰምሮበታል፤ ጎኑ ላይ «ይሄ የማን ድምፅ ነው?» ይላል። ካነበብኩት ጽሑፍ ያማሩ ዓረፍተ ነገሮች ወስጄ፣ ሁለት ሦስት ቃል ቀይሬ ነው ያስገባሁት። ምንጩን መጨረሻ ላይ ስላሰፈርኩ ደግሞ ጨዋ ነኝ ብዬ አስባለሁ። አስተማሪዋ አልተቆጣችም። አጠገቧ አስቀመጠችኝና ዋናውን ጽሑፍ አስነበበችኝ። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «በል ንገረኝ፣ ምን ይላል?» ተንተባተብኩ። «ድገመው።» በሦስተኛው ዙር ስናገር «አቁም! አሁን ያልከውን ጻፈው» አለች። የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር አያምርም ነበር። የእኔ ግን ነበር። እስከዛሬ የምሠራው እንደዚያ ነው፤ አነባለሁ፣ እገለብጣለሁ፣ ድምፅ አውጥቼ እናገራለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ከዋናው ጋር አስተያይቼ ምንጩን እዚያው እጠቅሳለሁ።

ያ ስህተት ዋናው ትምህርት ውስጥ ቢፈጠር ፕሌጃሪዝም፣ ማለትም የሰው ጽሑፍ መስረቅ ተብሎ የዲሲፕሊን ጉዳይ ይሆን ነበር። ኢንቴንሲቭ ውስጥ ስለተፈጠረ የግማሽ ሰዓት ትምህርት ሆኖ ቀረ። ሰዎች «ሰዋስው ልትማሪ ነው?» ሲሉሽ ይሄን አያዩትም። ሰዋስውማ ቤትሽ ተቀምጠሽም ትማሪዋለሽ። እዚያ የምትሄጂው ስህተትሽን በርካሽ ለመጨረስ ነው።

«ስንት ጊዜ ይፈጅብኛል?» ላልሽው፣ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የአውሮፓ የቋንቋ መለኪያ ከኤ1 እስከ ሲ2 6 ደረጃ አለው። የእንግሊዝኛ ፈተናዎችን የሚያዘጋጀው ካምብሪጅ ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ ለመሻገር በግምት 200 ሰዓት በአስተማሪ የታገዘ ትምህርት ያስፈልጋል ይላል። አሜሪካ በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ ቋንቋ የሚማር ሰው በሳምንት ቢያንስ 18 ሰዓት ክፍል መግባት አለበት። አውስትራሊያ ደግሞ ቢያንስ 20 ነው። በ20 ብናሰላው 8 ሳምንት 160 ሰዓት ሆነ። ስለዚህ አንድ ዙር ተምሬ ከቢ1 ሲ1 እገባለሁ የሚል ሰው ካለ እግዜር ይርዳው። እንግሊዝ አገር ፕሪ-ሴሽናል የሚሉት የቋንቋ ዝግጅት ትምህርት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዋናው ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ባለው ሰመር የሚሰጥ ነው፤ የሳምንቱ ብዛት በጎደለሽ ነጥብ ይወሰናል። ትንሽ ከጎደለሽ አጭሩን፣ ብዙ ከጎደለሽ ረጅሙን። ክፍል ውስጥ ለምታሳልፊው ለእያንዳንዱ ሰዓት ቤት ሌላ አንድ ሰዓት ያዢ። እኔ መጀመሪያ ላይ ሥራ እየሠራሁ እማራለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ሳቅ ነው የሚመጣብኝ።

ቃላት ላይ ደግሞ እንደ እኔ ጊዜሽን አታባክኚ። ከመዝገበ ቃላት እየቀዳሁ ማንም የማይጠቀምባቸውን ቃላት ስሸመድድ ከረምኩ። አቭሪል ኮክስሄድ የምትባል የኒውዚላንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር አለ። 570 የቃል ቤተሰቦች (ከአንድ ሥር የሚወጡ ቃላት ስብስቦች) ናቸው። ከአካዳሚክ ጽሑፍ 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። ዝርዝሩ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል፤ ዛሬውኑ ጀምሪው። ቃሉን ብቻውን ሳይሆን አብሮት ከሚመጣው ቃል ጋር ያዢው። ለምሳሌ እነሱ ውሳኔን «ይሠሩታል»፤ እኛ «እንወስናለን»። እንደዚህ ያለው ነገር ነው ጽሑፍሽን የሚያጋልጠው።

በነገራችን ላይ ለአማርኛ ተናጋሪ የተለየ ጣጣ አለ። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። እኔ እንግሊዝኛ ሳዳምጥም ሳላውቀው ዋናውን ነገር ከመጨረሻ እጠብቅ ነበር። እነሱ ግን ማን ምን እንዳደረገ መጀመሪያ ላይ ነግረውሽ፣ ማብራሪያውን ከኋላ ነው የሚቀጥሉት። ጽሑፌም እንደዚያው ነበር። አንቀጹን ዙሪያ ጥምጥም አስኬደውና ነጥቡን መጨረሻ ላይ ዱብ አደርገዋለሁ። አስተማሪዋ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር በቀስት ስባ ራስጌ ላይ ታስቀምጠው ነበር። አምስት ስድስት ወረቀት ላይ ያንን ቀስት ካየሁ በኋላ ራሴ መሳብ ጀመርኩ። «ኤ» እና «ዘ» የሚባሉት መስተአምሮችም አሉ። እኛ «ቤቱ» ብለን ቃሉ ጅራት ላይ የምንቀጥለውን እነሱ ከፊት ያስቀምጡታል፤ ሲጻፍ እንረሳዋለን። ሁሉንም ስህተት ባንዴ ማረም አይቻልም። እኔ አንድ ሳምንት አንድ ስህተት ብቻ ነበር የማድነው።

አነጋገር ላይ ዘዬሽን ለማጥፋት አትድከሚ፤ ማንም አልጠየቀሽም። የቃሉ የትኛው ክፍል ላይ ጫን እንደሚባል ግን ተማሪ። «ፎቶግራፍ» ሲሉ መጀመሪያው ላይ ይጫናሉ፤ «ፎቶግራፈር» ሲሉ ጫናው ወደ «ቶ» ይሄዳል። እኛ ሁሉንም እኩል ስለምንረግጥ ትክክል ተናግረንም «ምን?» ይሉናል።

ከመመዝገብሽ በፊት ቅበላ ክፍሉን በኢሜይል ጠይቂ፤ በስልክ አይደለም፣ መልሱ በጽሑፍ ይኑርሽ። ፕሮግራሙን መጨረሴ የአይልትሱን ወይም የቶፍሉን (ሌላው የእንግሊዝኛ ፈተና) ውጤት ይተካልኛል ወይ? የትኛውን ሌቭል፣ በስንት ውጤት? ይሄ ከሁሉም ይቀድማል። «ጨርሰሽ ስትመጪ ደግሞ ፈተና ታመጫለሽ» የሚል ቦታ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የመጨረሻው ሌቭል ላይ ከዋናው ትምህርት አንድ ኮርስ ጎን ለጎን መውሰድ ይቻላል ወይ? ስኮላርሺፕ ካለሽ ይሄንን ይሸፍናል ወይ? ብዙ ጊዜ አይሸፍንም። የቋንቋው ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ ለዲግሪው ክሬዲት እንደማይቆጠርም ከወዲሁ እወቂ።

አሜሪካ ከሆነ የምትሄጂው፣ አይ-20 የሚባለው፣ ትምህርት ቤቱ ለተማሪ ቪዛ የሚሰጥሽ ወረቀት መጀመሪያ ለቋንቋው ትምህርት ይወጣና ወደ ዲግሪው ስትሻገሪ ይቀየራል። ቀኑን ተከታተዪ። በቋንቋ ትምህርት ላይ ኦፒቲ (በተማርሽበት ሙያ ለጊዜው የመሥራት ፈቃድ) የለም፤ እሱ ከዲግሪው ጋር ነው የሚመጣው። ከሁሉም በላይ አትቅሪ። አብሮን የነበረ አንድ ልጅ «ክሬዲት የሌለው ነገር ምን ያደርግልኛል» እያለ መቅረት አመጣ። ማስጠንቀቂያ ሰጡት፣ አልሰማም። ሙሉ ሰዓቱን ስላልተማረ የቪዛ ሁኔታው ተበላሸ፣ ዲግሪውን ሳይጀምር ተመለሰ። እንግሊዝኛው ደግሞ ከሁላችንም የተሻለ ነበር።

እነዚያ «ተፈተኚ» ያሉሽ ሰዎች ልክ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። የጎደለሽ በአንድ ክፍል ግማሽ ነጥብ ብቻ ከሆነ፣ ሴሚስተሩ እስኪጀምር ጊዜ ካለሽ፣ ደግሞም ረጅም ነገር አንብበሽ በእንግሊዝኛ መጻፍ የለመድሽ ከሆነ፣ ተፈተኚና ተገላገዪው። ፕሮግራሙ ከተቀበለሽ ዩኒቨርሲቲ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው፣ «እኛ ጋ ተማሪ፣ ቅበላ እናስገኝልሻለን» የሚል ቦታ ከሆነም ተይው።

ከገባሽ ደግሞ «የአገርሽን ልጅ አታናግሪ» የሚሉሽን አትስሚ። ብቸኝነት ቋንቋ አያስተምርም። እኔ ያዋጣኝ ሌላ ነው። የውይይት አጋር የሚሉት ነገር ነበር፤ በሳምንት አንድ ሰዓት ከአንድ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ጋር ያገናኙሻል። የእኔው ኳስ ወዳድ ነበር፣ ትንፋሽ የለውም። ከእሱ የተማርኩት ጣልቃ መግባትን ነው። ክፍል ውስጥ ተራዬ እስኪደርስ ቁጭ እል ነበር፤ ተራ የሚባል ነገር እንደሌለ የነገረኝ ሰው አልነበረም። የክፍል ተሳትፎ ነጥብ አለው። ሌላው ሳይጨርስ እንዴት በጨዋ ደንብ እንደሚገባ፣ «አንድ ነገር ልጨምርበት» እንዴት እንደሚባል በቃልሽ ያዢ።

ፕሌስመንት ቴስቱ ቀን እንቅልፍሽን ጠግበሽ ሂጂ። ከዚያ ያስገቡሽ ሌቭል ውስጥ ግቢ፤ አስተባባሪዋን አትለምኚያት። አሁን ደግሞ የቅበላ ደብዳቤሽ ላይ ቅድመ ሁኔታው የተጻፈበትን አንቀጽ እዚህ ለጥፊልን፣ ስምሽንና ቁጥርሽን ሸፍነሽ። ቃል በቃል ሳናየው «ግቢ» ወይም «አትግቢ» ማለት ከባድ ነው። ዛሬ ማታ አነበዋለሁ።