«አባቴ ከወጡ ይጠፉብኛል»

ጥያቄ፦ አባቴ 74 ዓመታቸው ነው። የመርሳት በሽታ እንዳለባቸው ከተነገረን ሁለት ዓመት ሆነ። አምና ለሱብሂ ሶላት ብለው እንደወጡ ጠፍተው፣ እኩለ ቀን ላይ አዌቱ ወንዝ አጠገብ አገኘናቸው። ከዚያ ወዲህ የግቢው በር ተቆልፎ ነው የሚውለው። ሌሊት ስለማይተኙ ዳያዜፓም እየገዛሁ እሰጣቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ማንንም ሳያውቁ ዋሉ፤ ከዚያ ተሻላቸው። ስፖርት በሽታውን ያድናል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? አያደክማቸውም? (ከጅማ)

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ስፖርት ነው፤ ያስጨነቀዎት ግን በሩ ይመስለኛል። ቢከፍቱት ይጠፋሉ፣ ቢዘጉት አንጀትዎን ይበሉታል። የጠፋ አባቱን ፈልጎ ያገኘ ሰው በር ቢቆልፍ አልፈርድበትም።

ስፖርት አያድንም። ያድናል ያለዎት ሰው አጋኗል። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ እግራቸው ይጠነክራል፣ ከወንበር መነሳቱና ሽንት ቤት ራሳቸው መሄዱ ይቆይላቸዋል፣ እንቅልፋቸውም ሊሻሻል ይችላል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የዋለ ሰው ሌሊት ቢዞር ምን ይገርማል?

ስለዚህ በሩ ይከፈት፤ ብቻቸውን ግን አይውጡ። ለአስር (ለከሰዓት በኋላው) ሶላት በየቀኑ በዚያው በለመዱት መንገድ፣ አንድ ሰው ከጎናቸው ሆኖ ይሂዱ። ሰዓቱ ጥሩ ነው፤ ሲመሻሽ የሚመጣው መቅበጥበጥ ሳይጀምራቸው ይመለሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአረጋውያን በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ይላል፤ ለአባትዎ ግን ለጊዜው በቀን 10 ደቂቃ ይበቃቸዋል። የጅማን ክረምት ያውቁታል፤ ጭቃ ላይ በነጠላ ጫማ አይሆንም። ዝናብ ከሆነ እቤት፣ ግድግዳ ያስጠጉት ባለመደገፊያ ወንበር ላይ አምስት ጊዜ መነሳትና መቀመጥ። (በርጩማችን ለቡና ያምራል እንጂ ለዚህ ዝቅ ይላል።) በቃል አያስረዷቸው፤ ፊት ለፊታቸው ሆነው እርስዎ ይሥሩት። ስልክ ቁጥርዎንም ጽፈው ኪሳቸው ውስጥ ያኑሩ።

ኪኒኑን ግን ማን አዘዘልዎት? ዳያዜፓም ከአረጋዊ ሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ጠዋት ያንገዳግዳል፣ መርሳቱንም ያባብሳል። ሌሊት በኪኒን እያደነዘዙ ቀን ስፖርት ማሠራት ገደል አፋፍ ላይ ማስሮጥ ነው! ቢሆንም በራስዎ ድንገት አያቋርጡት፤ ለወራት የተወሰደ ከሆነ በሐኪም እየተቀነሰ ነው የሚቆመው።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ በመሃል ሹልክ ያደረጓቸው ሁለት ቀናት ናቸው። የመርሳት በሽታ አብዛኛውን ጊዜ በወራትና በዓመታት ነው የሚብሰው። ትናንት በስምዎ የጠራዎት አባት ዛሬ ካላወቀዎት፣ ቀን ከተኛ፣ የሌለ ሰው ካነጋገረ፣ ሌላ ነገር ገብቷል ማለት ነው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳምባ ምች፣ ወባ፣ የውኃ ማነስ፣ ወይም ያው ኪኒን ሊሆን ይችላል። አረጋዊ ሰው ታሞም ትኩሳት ላይኖረው ይችላል፤ «እዚህ ጋ ያመኛል» ብለውም ላይነግሩዎት ይችላሉ። ወድቀው ጭንቅላታቸውን ተመትተው ከነበረ ደግሞ ደሙ ቀስ ብሎ ተጠራቅሞ ከሳምንታት በኋላ ምልክት ሊያሳይ ይችላል። ጎረቤት «እርጅና ነው» ይላል። እርስዎም ሰምተው ሳምንት ጠበቁ። እንዲህ ያለው ለውጥ እኮ በዚያው ቀን ነው ሆስፒታል የሚያስኬደው! ሌሊትም ቢሆን።

ተሻላቸው ብለው አይተዉት። ነገ ጠዋት ይውሰዷቸው፤ የኪኒኑን ፓኬት ይያዙ፣ መቼ እንደጀመሩትና ወድቀው እንደሆነም ሳይደብቁ ይንገሩ። የእግር ጉዞው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።