ኪኒኑን ከመድገማችሁ በፊት

አሜሪካ ውስጥ የሕመም ማስታገሻ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ነዳጅ ማደያ ሳይቀር ይሸጣል። እንደ ልብ ስለሚገኝ ብዙ ወገኖቻችን ይደፍሩታል፤ አንዱን ውጠው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሌላ ይደግማሉ። እባካችሁ ታገሡ። ታይለኖልም ሆነ አድቪል (አይቡፕሮፌን) ማስታገስ የሚጀምረው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ምግብ ተበልቶ ከሆነ ደግሞ ይዘገያል። አሊቭ የተባለው ማስታገሻ እስከ 12 ሰዓት ስለሚቆይ በየአራት ሰዓቱ አይወሰድም።

ከሁሉ በላይ የሚያሰጋኝ ታይለኖል ነው። አገር ቤት ፓራሲታሞል የምንለው ሲሆን፣ እዚህ አሲታሚኖፌን ይባላል። በብዙ የጉንፋን መድኃኒት ውስጥም አለ። ጉንፋን የያዘው ሰው 500 ሚሊግራሙን ታይለኖል ሁለት ፍሬ ውጦ፣ ላዩ ላይ 30 ሚሊሊትር ናይኩዊል የተባለውን የጉንፋን ሽሮፕ ቢጠጣ 1,000 እና 650፣ በድምሩ 1,650 ሚሊግራም አሲታሚኖፌን ወስዷል ማለት ነው። ቀን በዴይኩዊል፣ ማታ በናይኩዊል እያለ በ24 ሰዓት አራት ጊዜ ቢደጋግመው 6,600 ይደርሳል። ለጤነኛ አዋቂ የመጨረሻው ጣሪያ 4,000 ነው፤ መጠጥ ለሚያዘወትርና ጉበቱን ለሚያመው ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ከካርቶኑ ጀርባ «አክቲቭ ኢንግሪዲየንት» (ዋናው የመድኃኒቱ ንጥረ ነገር) የሚለውን አንብቡ፤ አሲታሚኖፌን ሁለቱም ላይ ካለ አንዱን ተዉ።

አሲታሚኖፌን ሲበዛ ጉበትን ይጎዳል፤ በመጀመሪያው ቀን ግን ምንም ላይሰማ ይችላል። ማርከሻው ይበልጥ የሚሠራው በ8 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ ስለሆነ፣ መጠኑ ካለፈ ሕመም እስኪሰማችሁ አትጠብቁ። ወዲያው 1-800-222-1222 ደውሉ፤ የመርዝ መረጃ መስመር ነው፣ በነጻ፣ ሌት ተቀን ይሠራል።

አድቪል፣ አሊቭ፣ አስፕሪንና ከአገር ቤት የሚመጣው ዳይክሎፌናክ የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ለሕመም ተብለው አይደራረቡም። አድቪል ያለ ሐኪም በቀን ከ1,200 ሚሊግራም፣ ማለትም ከስድስት ባለ 200 ፍሬ አይለፍ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ በባዶ ሆድ አትውሰዱት፣ ጨጓራ ያቆስላል። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ የደም ማቅጠኛ ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ አይንካው። ነፍሰ ጡሮች፣ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት ወዲህ፣ እንዲሁ።

ለልጆች የሚለካው በክብደት ነው፤ በወጥ ቤት ማንኪያ ሳይሆን አብሮት በሚመጣው መለኪያ። የአይቡፕሮፌን የሕፃናት ጠብታ በ1.25 ሚሊሊትር 50 ሚሊግራም ይዟል፤ የትልልቅ ልጆቹ ሽሮፕ ደግሞ በ5 ሚሊሊትር 100። ጠብታው በእጥፍ ስለሚጠነክር፣ በሽሮፑ ሚሊሊትር ልክ ከተሰጠ ልጁ እጥፍ ይወስዳል። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን አይቡፕሮፌን፣ ትኩሳት ለያዘው ልጅ ደግሞ አስፕሪን አይሰጥም። ትኩሳት ከሦስት ቀን፣ የአዋቂ ሕመም ከ10 ቀን ካለፈ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።