ሰው አገር ሄዳችሁ ለማገልገል ላሰባችሁ ልጆቼ

ሰላም ናችሁ ልጆች። ባለፈው ሶስት ልጆች ከሐይቅና ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ መጥተው «ሲስተር፣ ውጭ አገር ሄደን በበጎ ፈቃድ ማገልገል እንፈልጋለን፣ አንድ ትንሽ ድርጅት አግኝተናል፣ ቢሮም ምንም የለውም፣ አንዲት ሴት ናት ራሷ እየደወለች የምታመቻቸው፣ እንመናት ወይስ ይቅርብን?» አሉኝ። ቡና እየጠጣን የነገርኳቸው ለሌሎቻችሁም ይጠቅማል ብዬ ጻፍኩት፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

እኔ በጎ ፈቃደኛ የሚባለውን መጀመሪያ ያወቅኩት ሄጄ አይደለም፣ እነሱ ወደኛ መጥተው ነው። በ77 የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፣ ደሴ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት፣ ቤተሰቦቼ ግን ባቲ ነበሩ፣ እና ባቲ በድርቁ ለተራቡት መጠለያው ሲቋቋም አማርኛም ኦሮምኛም ስለምችል እንግሊዝኛም እየተንተባተብኩ ስለምሞክር ለውጭ ነርሶች አስተርጓሚ ሆንኩ። ያየሁትን ሁሉ መጻፍ አልችልም፣ ዛሬም አልችልም። ሁለት ሴቶች ግን ከአእምሮዬ አልወጡም። አንዷ በመጣች ቀን የኛን ድሬሰር፣ ማለትም ቁስል የሚያክመውን የጤና ረዳት፣ «ምን ጎደላችሁ?» ብላ ጠየቀችው፣ እሱም ዕቃ የሚያጥብ የለም አላት፣ ከዛማ ያቺ የተማረች ነርስ አንድ ሳምንት ሙሉ ስታጥብ ዋለች። «አይዞሽ» እና «ውሃ ልስጥህ» የሚለውን ከኔ ተምራ ሌሊት ለሊት በየድንኳኑ ትዞር ነበር። ሌላኛዋም ክፉ አልነበረችም፣ እንደውም ልጆቹን እያቀፈች ነው የምትውል፣ ግን የመጣችው ለሶስት ሳምንት ብቻ ነበር። ስትሄድ አንድ አምስት አመት የሚሆነው እናት የሌለው ልጅ በየጠዋቱ ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ «የት ሄደች?» እያለ እኔን ይጠይቀኝ ጀመር። እኔም ልጅ ነኝ፣ ምን ልበለው።

ስለዚህ የወላጅ አልባ ህጻናት ቤት ገብቼ ለአንድ ወር ልጆች ላጫውት ለሚለኝ ሁሉ መልሴ እምቢ ነው። ልጅ የሚፈልገው የማይሄድ ሰው ነው። ፎቶውም ይቅርባችሁ፣ በዛን ጊዜ ስንቱ ካሜራ በእናቶቻችን ፊት ላይ እንደተደቀነ የወሎ ልጅ ሊረሳው አይገባም።

እኔ ራሴ የሄድኩት ነርስ ሆኜ ብዙ አመት ከሰራሁ በኋላ በ1996 ነው፣ ዩጋንዳ፣ ማሳካ አካባቢ። ላኪው ድርጅት ትልቅ ስም ያለው አልነበረም፣ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፣ ሁሉም «ማማ» ነው የሚላቸው፣ ከሳሎናቸው ሆነው ሰው እየተቀበሉ ጤና ጣቢያና የቤት ለቤት አስታማሚዎች ጋ ያገናኛሉ። ያመንኳቸው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ዋናው ቁም ነገር እዚህ ጋ ነው። ገና በስልክ ሳያሞግሱኝ «በእጅሽ ምን ትችያለሽ?» ብለው ነው የጀመሩት። ልጆችሽን ማን ይይዝልሻል፣ ብትታመሚ ማን ይደወልለት አሉኝ። ከዛ የሌላቸውን ነገሩኝ፣ መብራት አንዳንዴ የለም፣ ምግቡ ማቶኬ ነው፣ ማለትም የተቀቀለ ጥሬ ሙዝ፣ በየቀኑ እሱ ነው፣ ትኬት መክፈል አልችልም አሉ። ከኔ በፊት የነበሩ ሁለት ሰዎችም ስልክ ሰጡኝ፣ አንዷ ከሳቸው ጋር ተጣልታ የሄደች ናት! የተጣላቸውን ሰው ስልክ የሚሰጥ ሰው የሚደብቀው ነገር የለውም ብዬ ሄድኩ።

እዛ ያየሁትን ባወራ አልጨርስም። ዩጋንዳ በኤችአይቪ ቀድማ የተጎዳች አገር ናት፣ ኖሪን ካሌባ የምትባል ሴት ባሏ በኤድስ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1987 ከሌሎች ጋር ሆና ታሶ የሚባለውን የህሙማን ደጋፊ ድርጅት አቋቁማለች፣ እኔ በደረስኩበት ጊዜ ሰዉ በሽተኛን ቤቱ ድረስ ሄዶ ማስታመምን ተክኖበታል። እኔ ላስተምር ሄጄ ተማሪ ሆንኩ፣ ያልተማሩ የሰፈር ሴቶች ቁስል እንዴት ሳይጸየፉ እንደሚያጥቡ፣ በሽተኛውን እንዴት እንደሚያጫውቱት አየሁ። «ኦሊ ኦትያ ንያቦ» ብሎ ሰላምታ መስጠቷን ብቻ መቻሌ ስንት በር እንደከፈተልኝ። በ1997 የኤችአይቪ መድሀኒቱ እዚህ በነጻ መሰጠት ሲጀምር አገሬ ተመልሼ ስለነበር ከቅሬያችን፣ ማለትም ከእድራችን፣ ሴቶች ጋር ሆነን አልጋ የያዙትን ቤት ለቤት መጎብኘት ስንጀምር ዘዴው በሙሉ ከማሳካ የመጣ ነው።

ግን ችግሩንም ልንገራችሁ። በሶስተኛው ወር ማማ በወባ ወደቁ። ያኔ ነው ሁሉም ነገር በአንድ ሰው እጅ እንደነበር የገባን፣ የቤት ኪራዩ፣ ገንዘቡ፣ የኛ የፈቃድ ወረቀት ሁሉ ሳጥናቸው ውስጥ ተቆልፎ ነው፣ ቁልፉ ደሞ ሆስፒታል ከሳቸው ጋር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ወረቀት አምጡ ስንባል መልስ አጥተን እንጀራችንን፣ ይቅርታ፣ ማቶኬያችንን እንኳ ጎረቤት ነው ያበላን። ትንሽ ድርጅት ጥሩነቱ ሰውየው በስም ያውቃችኋል፣ ሌሊት ብትደውሉ ያነሳል። ጉዳቱም እዛው ነው፣ ሰውየው ከወደቀ ድርጅቱም አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ ሳታፍሩ ጠይቁ፣ እርስዎ ቢታመሙ ተጠሪው ማን ነው፣ ስልኩን ስጡኝ በሉ። የወረቀታችሁ ኮፒ በእጃችሁ ይሁን፣ ፓስፖርታችሁንማ ለማንም አታስረክቡ።

ገንዘብን በተመለከተ ደሞ ልቤ የሚደማበት ነገር አለ። የሐርቡ ልጅ ነው፣ የማውቀው ቤተሰብ፣ በቴሌግራም ያገኘው ሰው «ቮለንተር ሆነህ ካናዳ ትገባለህ ከዛ ስራ ትይዛለህ» ብሎት አባቱ በሬ ሸጠው ላኩለት፣ ሰውየው በነጋታው አካውንቱን አጠፋ። ይሄ በኛ አገር የታወቀ ቁስል ነው፣ በጅቡቲ አድርጎ በየመን በኩል ሳውዲ እያለ ስንቱን ልጅ የበላው ደላላ አሁን ስሙን ቀይሮ በጎ ፈቃድ ሆኖ መጥቷል። ስራ ከሆነ ስራ ይባል፣ ለሱ አዋጅ አለው፣ በ2008 የወጣው አዋጅ 923 ቪዛውንና የደርሶ መልስ ትኬቱን አሰሪው ይከፍላል ብሎ ነበር የወጣው። በጎ ፈቃድ ከሆነ ደሞ ለምግብና ለማደሪያ መክፈል ሊኖር ይችላል፣ ግን ለምን ስንት እንደሆነ ተዘርዝሮ ይጻፍ። «በቱሪስት ቪዛ ግቡ እዛ እናስተካክላለን» ያላችሁን ሰው ስልኩን ዝጉበት። ከፈለጋችሁ የተባበሩት መንግስታት የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም አለ፣ የአፍሪካ ህብረትም ከ18 እስከ 35 አመት ያሉ ወጣቶችን የሚልክበት አለው፣ ለማመልከት ብር ክፈሉ የሚላችሁ የለም፣ ውድድሩ ግን ከባድ ነው።

ስለ ጤናችሁ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን በፊት ተከተቡ፣ ካርዱ ለእድሜ ልክ ነው አትጣሉት። የደሴ ልጆች ደሞ ብርድ እንጂ ወባ አታውቁም፣ አጎበር ሳትይዙ እንዳትሄዱ።

አንድ ልጅ «ምንም ሙያ የለኝም ፍላጎት ግን አለኝ» አለኝ። እኔ ያልኩት፣ ቅሬ ውስጥ ሰው ሲሞት ምን እንደምታደርግ አስብ ነው። ለቅሶ ቤት ገብተህ ዝም ብለህ ድስት አትጥድም፣ መጀመሪያ የቤቱን ሴቶች ምን ጎደለ ብለህ ትጠይቃለህ፣ እንጨት ፍለጥ ካሉህ ትፈልጣለህ፣ ውሃ ካሉህ ትቀዳለህ፣ ድንኳኑ እስኪነሳም ትቆያለህ። ሰው አገርም እንደዚሁ ነው። ይሄን እዚህ ሰፈርህ አንድ አመት ሰርተህ ካላወቅከው እዛ ሄደህ አይመጣልህም፣ አንድ ሙያም ያዝ፣ ቧንቧ መጠገንም ቢሆን፣ ስትሄድ ደሞ ስድስት ወር ለመቆየት ሂድ።

ሶስቱ ልጆች እዛው ቤቴ እያሉ ለሴትየዋ ደወሉላት፣ ላውድ አድርገነው ሁላችንም እየሰማን። ብዙውን ጥያቄ ደህና መለሰች፣ ክፍያውንም ዘርዝራ ነገረቻቸው፣ በፊት የሄዱ ልጆችም ስልክ ሰጠች። አንቺ ብትታመሚስ ሲሏት ግን ዝም አለች፣ ቆይታ «እህቴ አለች፣ ግን እስካሁን ስለዚህ አልነገርኳትም» አለች። እውነቷን መናገሯን ወደድኩላት። ለእህቷ ነግራ እህትየዋ ራሷ እስክትደውልላችሁ ጠብቁ አልኳቸው፣ እየጠበቁ ነው።